ከሻፍል የወጣ ዘፈን፣ ያከራከረን ቃል

የፈረንጅ አራዳው፦
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ቤታችን የነበሩትን የድሮ ካሴቶች ሙዚቃ ቤት ወስጄ ፍላሽ ላይ አስገልብጫለሁ። ገልባጩ ልጅ ሁሉንም ደባልቆ ሰጠኝ። ስም የለ፣ ቅደም ተከተል የለ። የሠርግ ዘፈን ሲያልቅ መንዙማ ይመጣል፤ ከመንዙማው ቀጥሎ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ። እኔ ግን ተስማምቶኛል። ሻፍል ላይ አድርጌ የወጣውን እሰማለሁ፤ እዚህም የወጣውን አመጣለሁ። መርጬ አላመጣም። ምርጫ ከገባበት ሁላችንም ያንኑ የለመድነውን እያዞርን መስማት ነው።

ዛሬ የወጣው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. በካይፋ ሪከርድስ የታተመ። በ1986 ቤልጂየም ውስጥ እንደገና ታትሞ ፈረንጁን ያስደመመው ይኸው ሥራ ነው። ምቱ አንዴ ከያዘህ አይለቅም።

ጥያቄዬ «መላ» ላይ ነው። የእህቴ ልጅ «መላው ኢትዮጵያ» ከሚለው ጋር አያይዞ «ሁሉም ሁሉም ማለቱ ነው» ብሎ ድርቅ አለብኝ። ምን ትላላችሁ?

መምህር ዘጅሬን፦
ልጁ አይፈረድበትም። ሁለት «መላ» አለና። አንዱ «መላ ሰውነቴን አመመኝ» የምንለው ነው። ይኼኛው ብቻውን አይቆምም፤ ሁሌም ስም ይከተለዋል። ሌላው ዘዴ፣ ብልሃት፣ መውጫ ማለት ነው። «መላ በሉኝ»፣ «መላ አጣሁ»፣ «መላ ቅጡ ጠፋብኝ»። ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ነው። ፍንጩ «ኧረ» ላይ አለ። «ኧረ በሕግ አምላክ!»፣ «ኧረ ተዉ!» የሚለው የጨነቀው ሰው ነው። መደጋገሙም የጭንቀቱ ነው። የጠማው ሰው «ኧረ ውኃ ውኃ» ይል የለም?

ኮጪ፦
መምህር፣ ከተፈቀደልኝ ልጨምር። በኦሮምኛም «ማላ» ያው ብልሃት፣ ዘዴ ነው። እኛ ቤት ነገር ሲጠና አባቴ «ማላ ማሊ?» ነው የሚለው። «መላው ምንድን ነው?» እንደማለት። ደግሞ አማርኛው «መላ መታ» ይላል አይደል? ኦሮምኛውም «ማላ ዻሁ» ይላል። ያው መምታት ነው። ጅማ ላይ ቁጭ ብሎ የዚህን ዘፈን ትርጉም የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው እኔን የገረመኝ!

የአዌቱ ዳሯ፦
«መላ መታ»ን ስታነሳ ትዝ ያለኝ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ «መላምት» መሆኑ ነው። አሁን ተማሪዎቼ «መላምት» ሲባል የሚያስቡት የሳይንስ ደብተራቸውን ነው። ውጪ ደግሞ «ዝም ብሎ በመላ ምት ነው የሚያወራው» ሲባል ያለ ማስረጃ ገመተ ማለት ሆኗል። ያንኑ ቃል አንዱ ጋ ከፍ አድርገን፣ ሌላው ጋ ጣልነው። ማሕሙድ ግን የሚጮኸው ከሁለቱም በፊት በነበረው ነው።

ጋሽ ሸክላ፦
ዘፈኑንስ ተዉት። አንተ የፈረንጅ አራዳው፣ «አስገለበጥኩ» ብለህ አለፍክ እንጂ ካሴቶቹን የት አደረስካቸው? ሰው ፍላሽ ከያዘ ካሴቱን ለልጅ መጫወቻ ይሰጣል። ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የማን ነው፣ ያጀበው ባንድ የትኛው ነው፣ ይህንን ሁሉ የሚነግርህ የካሴቱ ሽፋን ነው። ፍላሽህ የሚያወራልህ «ትራክ 07» እያለ ነው።

የፈረንጅ አራዳው፦
ጋሼ፣ አይቆጡ። ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል፣ አንድም አልጣልኩ። ግን እግረ መንገድዎን ይንገሩን፤ ዲስኩን «ሸክላ» የምትሉት ለምንድን ነው? መጠሪያዎም እኮ እሱ ነው።

ጋሽ ሸክላ፦
ስለሚሰበር ነዋ! የጥንቱ ዲስክ ከእጅህ ካመለጠ እንደ ማሰሮ ስብርብር ነበር የሚለው። ኋላ ፕላስቲኩ መጣ። እሱ ቢወድቅ ይጫራል እንጂ እንደዚያ አይደቅም፤ ስሙ ግን ቀረለት። አማርኛችን ለዕቃ ስም ሲያወጣ እንዲህ በዓይኑ ባየው ነው። በዚያ ዘመን የ45 ዙሯ ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ ነበር የምትይዘው። ገልብጠህ ሌላውን ትሰማለህ። «ገለበጠ» ማለትም ያን ጊዜ ያ ነበር። ዛሬ ኮፒ ማድረግ ሆኗል።

የፈረንጅ አራዳው፦
ዛሬ ሻፍሉ ቀልዶብኛል። ቃል የሌለው ዘፈን አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው»። ግጥም ባይኖረውም ርዕስ አለው፤ ስለዚህ አልዘለውም። ደግሞም የእኛው ልጅ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጅማ ተወልዶ፣ ዌልስና ለንደን፣ ከዚያም ቦስተን ተምሮ፣ ኢትዮ ጃዝን ያመጣ ሰው። ይህንኑ «የከርሞ ሰው» ጂም ጃርሙሽ በ2005 በወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ውስጥ ከቶት ብዙ የውጭ ሰው ሰምቶታል። ርዕሱ ግን ለእነሱ ምንም አይነግራቸውም።

ለእኔ «የከርሞ ሰው» ምርቃት ነው። በዓል ሲያልፍ «የከርሞ ሰው ይበለን» እንላለን። በዚያው ሰሞን ግን አንዱ ሌላውን «አንተ ከርሞ ጥጃ!» ብሎ ሲሰድበው ሰማሁ። ያው ከርሞ፣ አንዱ ጋ ምርቃት፣ አንዱ ጋ ስድብ። እንዴት ነው ነገሩ?

መምህር ዘጅሬን፦
ይህቺን ስጠብቃት ነበር። «ያው ከርሞ» አልክ እንጂ አንድ አይደሉም። ሥራቸው ይለያያል።

የምርቃቱ «ከርሞ» የጊዜ ስም ነው። ካቻምና፣ አምና፣ ዘንድሮ፣ ከርሞ ብለህ ትቆጥራለህ። የሚመጣው ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ «የከርሞ ሰው ይበለን» ስንል «የሚመጣው ዓመት ሰዎች ያድርገን፣ ለዚያ ያድርሰን» ማለታችን ነው።

የስድቡ «ከርሞ» ግን ግሥ ነው። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሰንብቶ እንደምንለው ከርሞ። ከረመ፣ ከርሞ። ጥጃ ከከረመ እንደ ዕድሉ ወይፈን ወይም ጊደር መሆን አለበት። ይኼኛው ግን ዓመቱን ከርሞም ያው ጥጃ ነው። ስድቡ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጊዜ ሄደ፣ አንተ ግን አልሄድክም ነው የሚለው።

ሁለቱም ግን ከአንድ ግንድ ናቸው። ክረምትም ከዚያው ነው። ክረምቱን ያለፈ ዓመቱን አለፈ። ሰላምታችንን አስተውሉት። ለቀን «እንዴት ዋልክ»፣ ለሌሊት «እንዴት አደርክ»። ሰንበት ካለፈ «እንዴት ሰነበትክ»። ወራት ካለፉ «እንዴት ከረምክ»። ስንት ጊዜ እንደተለያየን ሰላምታው ራሱ ይናገራል። ዛሬ ልጆቹ ጠዋት የተለዩትን ሰው ማታ «እንዴት ከረምክ» ይሉታል። ሲቀልዱ ከሆነ እሺ፤ ሳያውቁት ከሆነ ግን ያሳዝናል።

ኮጪ፦
መምህር፣ ጅማ ላይ ይፈቀድልን። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሲጎተትብን እኛ ዓመቱን ሙሉ ስንከርም ነው የምንኖረው።

የአዌቱ ዳሯ፦
የቃሉን ነገር መምህር ጨርሰውታል። እኔ ስለ ዜማው አንድ ልበል። ርዕሱ ምርቃት ነው ተባለ፤ ዜማው ግን ምርቃት አይመስልም። በዓል ቤት ተቀምጦ «አሜን» የሚል ሰው አይታየኝም። «እደርስ ይሆን ወይ?» ብሎ የሚጠራጠር ሰው ነው የሚታየኝ። ሆድን ባር ባር ያሰኛል። ለነገሩ «ያድርሰን» የሚለው ሰው መድረሱን እርግጠኛ ቢሆን መች ይመርቅ ነበር?

ጋሽ ሸክላ፦
ልጄ፣ ይኼን ከአንቺ ሰማሁት። ዘፈኑን ስንት ዘመን ይዤው ኖሬ እንዲህ አልሰማሁትም።

የፈረንጅ አራዳው፦
የዛሬው አጭር ነው፤ መግቢያውም ተቆርጧል፣ ቴፑ የበላው ካሴት ነው። በማሲንቆ የተጫወተው አዝማሪ ማን እንደሆነ ሽፋኑ ላይ የለም። ዜማው ግን አንቺሆዬ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ናቸው። ትዝታም ግልጽ ነው። አንቺሆዬ ላይ «ሆዬ» የሚለው ምን እየሠራ ነው?

መምህር ዘጅሬን፦
የመጥሪያ ቃል ነው። «ኢትዮጵያ ሆይ»፣ «ጌታ ሆይ»፣ «ጃንሆይ» ብለን የምንጠራበት «ሆይ» አለ። ለእኔ «ሆዬ» ያው እሱ ነው፤ «እማዬ»፣ «ልጅዬ» የምንልበት የማቆላመጫ ድምፅ የገባበት።

የአዌቱ ዳሯ፦
መምህር፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሁሌ ማቆላመጫ ቢሆን «እሱ ሆዬ» ምን ሊባል ነው? «እኛ ሥራ በዝቶብናል፤ እሱ ሆዬ ተጋድሞ ዘፈን ይሰማል» ስል እያቆላመጥኩት ነው? እየወጋሁት እንጂ። «እኔ ሆዬ አምኜው ገንዘቤን ሰጠሁት» ስልም በራሴ ላይ ነው የምስቀው። ፊት ለፊት ላለው ሰው ሲሆን ይለሰልሳል። ለሌለው ሰው ሲሆን ይሸነቁጣል። የጠራሁት ሰው ፊቴ መኖሩና አለመኖሩ ነው ልዩነቱ።

መምህር ዘጅሬን፦
ጥሩ ብለሻል። መጥሪያነቱን ግን አልሻረውም። የሌለን ሰው እንደ ጌታ ከፍ አድርጎ መጥራት ራሱ ሽሙጥ ነው። «እሳቸው ሆዬ ገና ከእንቅልፋቸው አልተነሡም» ሲባል ሽሙጡ የሚወጣው ከዚያ አይደለም?

የአዌቱ ዳሯ፦
እሺ፣ ግማሽ ተስማማሁ።

የፈረንጅ አራዳው፦
ግማሽም አይናቅም። እንቀጥል። ዛሬ የወጣው አሊ ቢራ ነው። አባቴ ይህን ካሴት ሲያስቀምጥ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ቢራ» ብቻ ብሎ ጽፎበታል። ልጅ ሆኜ የቢራ ማስታወቂያ የተቀዳበት ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ቢሆን «አሊ ቢራ የተባለው ቢራ ስለሚወድ ነው» የሚል ሰው ካፌ ውስጥ አይጠፋም። ኮጪ፣ ይህቺ የአንተ ናት።

ኮጪ፦
በጣም የኔ ናት! መጀመሪያ ንባቡን እናስተካክል። የሚጠጣው ቢራ «ራ»ው ላልቶ ነው። የአሊ «ቢራ» ግን ጠብቆ ነው የሚነበበው። በኦሮምኛ ክረምት ሲወጣ የሚመጣው ወቅት ነው። ሰማዩ የሚጠራበት፣ አበባ የሚፈነዳበት፣ መስከረምና ጥቅምትን የሚይዘው። ሰውዬው የድሬዳዋ ልጅ አሊ መሐመድ ነው፣ በ1947 እ.ኤ.አ. የተወለደ። አፍረን ቀሎ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ገና ልጅ ሆኖ ካቀነቀናቸው ዘፈኖች አንዱ «ቢራ ዻ ባሪኤ» ነው። ቢራ ነው፣ ነጋ እንደማለት። ዘፈኑ ስም ሆኖ ቀረለት። በ2022 እ.ኤ.አ. እስኪያርፍ ድረስም በዚያው ስም ተጠራ። ኦሮምኛ ብቻም አይደለም የዘፈነው፤ አማርኛ፣ ሐረሪኛ፣ ሶማልኛና ዐረብኛም ዘፍኗል።

አሁን ወደ አማርኛችሁ ልምጣ። «ዛሬ ብራ ነው» ትላላችሁ፤ ሰማዩ ጠራ ለማለት። «የብራ መብረቅ» ትላላችሁ፤ ደመና ሳይኖር የወረደ፣ ማንም ያልጠበቀው ነገር ለማለት። ታዲያ ብራና ቢራ ምን አራራቃቸው? ጅማ ውስጥ ዝናቡ ሲያባራ አማርኛ ተናጋሪው ጎረቤቴ «ብራ ሆነ» ይላል፤ እናቴ ደግሞ በራሷ ቋንቋ «ቢራ» ትላለች። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ሰማይ ነው።

መምህር ዘጅሬን፦
ድምፃቸውም ትርጉማቸውም ይቀራረባል፤ ግን አንድ ናቸው ብለህ አትቸኩል። የአማርኛው «ብራ» የሰማዩን ሁኔታ ይናገራል። በጥርም፣ በመጋቢትም፣ ክረምት መሐል ለአንድ ከሰዓት ብቻም ቢሆን ብራ ሊሆን ይችላል። የኦሮምኛው እንደነገርከን የወቅት ስም ነው። እኛ ለዚያ ወቅት መፀው የሚል አለን፤ ከመጽሐፍ ውጪ ግን የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ «አሊ ብራ» ብለን ብንተረጉመው ግማሹ ይቀራል። ስሙ የአንድ ቀን ፀሐይ አይደለም፤ ክረምቱን የተሻገረ ሰው ደስታ ነው።

ኮጪ፦
ቢያንስ የሚጠጣው አለመሆኑን ተማምነናል። እሱ ይበቃኛል። የባጃጅ ተሳፋሪዎቼን አንድ በአንድ ከማስረዳት ይኼን ጽሑፍ አሳያቸዋለሁ።

የአዌቱ ዳሯ፦
በዚህ አያያዝ የራዲዮ አቅራቢዎችንም አሳይልን። አላልተው ነው የሚጠሩት፣ ሁሌ።

ጋሽ ሸክላ፦
አባትህ ጀርባው ላይ ጻፈበት ያልከውን ካሴት ነው አሁን የምፈልገው። ኮጪም ሊሰማው ይገባል። እሁድ ከሰዓት መርካቶ ጋ ያለው ቤቴ ይዘኸው ና። ከነሽፋኑ፣ እንዳትረሳ። የእኔ ቴፕ ካሴት አይበላም።