«ጅማን ጣሊያን ነው የሠራት» ለሚለው ሰውዬ

የሐሙስ ገበያ ልጅ፦ ትናንት ከፊሊፒንስ የተመለሰ አንድ ወንድማችን የጻፈውን አንብቤ ደሜ ፈላ። ቪጋን የሚባል ከተማ ሄዶ፣ በስፔን ዘመን የተሠራ ጎዳና አይቶ ተደንቋል። ይደነቅ፣ ዩኔስኮም በ1999 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። መጨረሻ ላይ ግን «ጅማንም እኮ ጣሊያን ነው የሠራት፣ በጣሊያን ዘመን የተሠራውን ሰፈር፣ ፈረንጅ አራዳን፣ እንዲህ ብንጠብቀው» ይላል። ጣሊያን የቆየው አምስት ዓመት! የጅማው የሂርማታ ገበያ ከዚያ በፊት ከየአገሩ ስንቱን ሲራራ ነጋዴ ያስተናግድ ነበር።

መንገደኛው፦ ገበያ አልነበረም አላልኩም። የማወራው ስለ ግንቡ ነው። ካሌ ክሪሶሎጎ የሚሉት መንገድ መኪና አይገባበትም። በድንጋይ ንጣፉ ላይ የፈረስ ጋሪ ነው የሚሄደው። ምድር ቤቱ ጡብ፣ ፎቁ እንጨት ነው። መስኮቱ በመስታወት ፋንታ ስስ የባሕር ዛጎል ተገጥሞበታል፣ ብርሃኑ ለስለስ ብሎ ይገባል። ብዙዎቹን ቤቶች ያሠሩትም የቻይና ደም ያላቸው የዚያው አገር ነጋዴዎች ናቸው።

የሐሙስ ገበያ ልጅ፦ ይኸው ራስህ አመጣኸው! እዚያ ያሠሩትን ነጋዴዎች ታነሳለህ። እዚህ ስትደርስ «ጣሊያን ሠራት» ብለህ ታልፋለህ። የፈረንጅ አራዳን ድንጋይ ማን ተሸከመው?

አባ ጅሬን፦ ቅርሳችን ጅሬን ላይ ነው፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ያ የእንጨት ሥራ ጥበቃ ሲፈልግ የወራሪ ግንብ ምናችን ነው? የካቲት 12 ሰማዕታቱን እያሰብን፣ በማግስቱ የገዳዮቹን ቤት ቀለም እንቀባ?

አዌቱ ማዶ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። ግንቡ ቢፈርስ ወረራውን ለልጆቻችን በምን እናሳያለን? አስመራ ከነጣሊያን ግንቦቿ በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ስትመዘገብ ፋሺስትን ይቅር ያለ የለም።

የቀበሌ ቤት፦ የምንኖርበትንም ጠይቁን እንጂ። ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ነው ያደግሁት። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ በረንዳው ያምራል። ክረምት ሲገባ ግን ኮርኒሱ ያብጥና መሀሉ ላይ ይቀደዳል። እናቴ አልጋውን ወደ ጥግ ገፍታ ከሥሩ ሳፋ ትደቅናለች። ትርፍ ቤት ከተወረሰበት ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የመንግሥት ቤት ነው፣ አንድ ቆርቆሮ ለመቀየር ደጅ መጥናት ነው። ቅርስ ሲባል ደግሞ ምስማር መምታት ይከለከልብናል፣ ካልሆነም ተነሱ እንባላለን።

መንገደኛው፦ ነዋሪ ይነሳ አላልኩም። ጥገናው ከእናትሽ ጣሪያ ይጀመር፣ እኔም እፈርማለሁ።

ቦሳ፦ ሂርማታን ስታሞግሱ ሰው ይሸጥበት እንደነበርም ጨምሩ። ባሪያ የሚነዳበት መንገድ ነበር።

የሐሙስ ገበያ ልጅ፦ ማን ደበቀ? ይህን የምታነሳው ጣሊያንን ነፃ አውጪ ለማድረግ ከሆነ ግን አንሰማህም።

ቦሳ፦ አላልኩም! ታሪክ ከተወራ ሙሉው ይወራ ነው።

አባ ጅሬን፦ የባሪያ ንግድ ጅማ ብቻ የነበረ አስመሰልከው። ጎንደር አልነበረም? ሸዋስ?

አዌቱ ማዶ፦ ወዴት ሄድን? ጥያቄው ስለ ፈረንጅ አራዳ ነው።

የሐሙስ ገበያ ልጅ፦ «ያቀደው ጣሊያን፣ ያቆመው የኛ ሰው» ብሎ ያስተካክልና እንቀጥላለን።

መንገደኛው፦ እሱን እጽፋለሁ። «ግንቡ ይጠበቅ» የሚለውን ግን አላወጣም።

አባ ጅሬን፦ እኔም ከጅሬን በፊት ለጣሊያን ግንብ አንድ ብር ይውጣ ብዬ አልፈርምም።