ኮታው ሞልቶ ሰው የጎደለበት ሎግፍሬም፦ እንዴት ላስተካክለው?

ሰላም ለሁላችሁ። ለደሴና ኮምቦልቻ የ200 ሰልጣኞች የሥራ ክህሎት ፕሮጀክት ሎግፍሬም (የፕሮጀክቱ ግቦችና መለኪያዎች የሚዘረዘሩበት ሠንጠረዥ) ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

የውጤት መለኪያዎቹ «ሴቶች 50 በመቶ፣ አካል ጉዳተኞች 10 በመቶ» ይላሉ። 20ዎቹ አካል ጉዳተኞች በሙሉ ወንዶች ቢሆኑም ሁለቱም ኮታዎች ይሞላሉ፤ ክራንች የምትጠቀም የገጠር እናት ግን አንዷም ላትገባ ትችላለች። አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾው እ.ኤ.አ. በ1989 በጥቁር አሜሪካውያን ሴት ሠራተኞች ጉዳይ ያሳየችው የኢንተርሴክሽናሊቲ (የተደራራቢ ማንነት) ክፍተት እኮ ይኸው ነው።

የመነሻ ጥናቱን በጾታ፣ በአካል ጉዳት፣ በዕድሜና በመኖሪያ፣ እያንዳንዱን ለሁለት ከፍዬ፣ ላጣምር ብል 16 ክፍል ይወጣል። 384 ናሙና ሲካፈል በአማካይ 24 ሰው፣ የስህተት ወሰኑም ወደላይም ወደታችም 20 የመቶኛ ነጥብ ግድም ነው። አካል ጉዳተኛ ወጣት ሴቶች ጋ ሲደረስ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም ያንሳል። («አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» የሚለውን ማየት፣ መስማት፣ መራመድና የመሳሰሉት ያስቸግራሉ ወይ ብለው በሚጠይቁት 6 የዋሽንግተን ግሩፕ ጥያቄዎች ተክቼዋለሁ፤ በቀጥታ ሲጠየቅ ቤተሰብ ይደብቃል።)

ጥያቄዬ፦ የጥቂቶቹን ክፍሎች ናሙና ሆን ብሎ አብዝቶ በኋላ በስሌት ክብደት (weight) ማስተካከል ይሻላል ወይስ ሁለት መለያ ብቻ አጣምሮ ቀሪውን በቡድን ውይይት መሙላት? ውይይቱስ እማወራዎችን ብቻ ለይቶ ቢሆን? ሌላው በጀት ነው፤ ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ ለምትመላለስ ሰልጣኝ የትራንስፖርትና የሕፃን ማቆያ ወጪ በየትኛው መስመር ይገባል? «ልዩ ልዩ» ውስጥ ከገባ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።