ከቻይና የመጣልኝ ኡሎንግ ሻይ መረረብኝ፣ እንዴት ነው የሚፈላው?

ሚሚሻ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ጓንዡ ለንግድ የሚመላለስ ዘመዴ ኡሎንግ ሻይ ይዞልኝ መጣ፣ ቲዬጓንዪን ነው ስሙ አለኝ። ቅጠሉ ድብልብል ተደርጎ የተጠቀለለ አረንጓዴ ነው፣ 7 ግራም 7 ግራም ሆኖ አየሩ በተመጠጠ ላስቲክ ታሽጓል፣ ክዳን ያለው ግን እጀታ የሌለው ሲኒም አብሮ አለ። በበራድ ከውሃው ጋር ጥጄ ሳፈላው መራራ ሆነ ሽታውም የለም። ስንት ላድርግ፣ ስንት ደቂቃ ይቆይ፣ የመጀመሪያው ውሃ ይደፋል የሚሉትስ እውነት ነው? ያለሁት አዲስ አበባ ነው።

የጓንዡ_ልጅ፦ ሚሚዬ ቅጠሉ እሳት ላይ አይጣድም፣ ውሃው ብቻውን ይፍላ። ያቺ ሲኒ ጋይዋን ትባላለች፣ አብዛኛውን ጊዜ 100 እስከ 120 ሚሊ ነው የምትይዘው፣ አንዱ ፓኬት ሙሉውን ለሷ ነው። መጀመሪያ በፈላ ውሃ አሙቂያትና ድፊው፣ ከዛ ደረቁን ቅጠል ጨምረሽ ክደኚና ነቅነቅ አርገሽ ክዳኑን አሽቺው፣ አበባ አበባ ካላለሽ ሻዩ ቆይቷል ማለት ነው። ከዛ የፈላ ውሃ ጨምረሽ 20 ሰከንድ ብቻ አቆይተሽ ሌላ ዕቃ ላይ ሙልጭ አርገሽ አንጠፍጥፊው፣ ቅጠሉ ላይ ውሃ ከቀረ ቀጣዩን መራራ የሚያደርገው እሱ ነው። ከሦስተኛው ጀምሮ 10 ሰከንድ እየጨመርሽ ሂጂ፣ ጥሩ ሻይ ከሆነ 6፣ 7 ጊዜ ይሄዳል።

ቡና_ይቅደም፦ 20 ሰከንድ 😂 ቀለም ያወጣል እንዴ? ደሞ የመጀመሪያውን መድፋት ምን ይባላል፣ አቦል ይደፋል?

የጓንዡ_ልጅ፦ 😂 7 ግራም ለአንድ ትንሽ ሲኒ እኮ ነው ወንድሜ። ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፣ የኛን ጥቁር ሻይ አትጠብቅ፣ ኡሎንግ በአረንጓዴና በጥቁር ሻይ መሃል ያለ ነው። መድፋቱ የተጠቀለለው ቅጠል እንዲላቀቅ ነው፣ 5 ሰከንድ ይበቃል። እኔ ግን እንዲህ አረንጓዴ የሆነውን የአንሺ ወረዳ ቲዬጓንዪን አልደፋም፣ እጠጣዋለሁ። ዳሆንግፓኦ የሚባለውን የዉዪ ተራራ ኡሎንግ ግን እደፋለሁ፣ እሱ በከሰል የተጠበሰ ስለሆነ ብናኝ አለው።

ኬሚስትሪ_በጓሮ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ለኡሎንግ የሚመከረው ግን ከ95 እስከ 100 ነው፣ ስለዚህ ውሃው ይቀዝቀዝ የሚልሽን አትስሚ፣ ያ ለአረንጓዴ ሻይ ነው። ማፍያው ጠፍ ከማለቱ ቅጂ፣ የተባለው ሰከንድ ላይ ደሞ 5 ወይ 10 ጨምሪበት። ሲኒዋን አሙቂ የተባለውን እንዳትዘይው፣ አንቺ ጋ የበለጠ ያስፈልጋል።

ሚሚሻ፦ ወይኔ ተባረኩ፣ አሁን ሞከርኩት ሌላ ሻይ ሆነ!! ግን ጣቴ ተቃጠለ፣ ቻይኖቹ እንዴት ነው የሚይዙት ያቺን ነገር

ሀዩ_ዱባይ፦ እስከ አፏ ሞልተሻት ነዋ ማሬ፣ ውሃው ክዳኑን እንዳይነካ ዝቅ ይበል። አውራ ጣትና መሃል ጣትሽ ወደ ውጪ የተዘረጋውን ጠርዝ ይያዙ፣ ጠቋሚሽ የክዳኑ ጉብታ ላይ ይረፍ፣ ክዳኑን ትንሽ ገፋ አርገሽ በክፍተቱ ቅጂ፣ ቅጠሉ እዛው ይቀራል። ስራ ቦታ ከሆንሽ ደግሞ 3 ግራም በትልቅ ኩባያ 3 ደቂቃ አቆይተሽ አጥልለሽ ጠጪ፣ እንደዛኛው ባይሆንም አያስከፋም።

ቡና_ይቅደም፦ ስኳርስ?

የጓንዡ_ልጅ፦ እዚህ ማንም አይጨምርም፣ ከጨመርክ ሽታውን ታጣዋለህ። ግን ቤትህ ነው ማን ይከለክልሃል።

ሚሚሻ፦ የቀረውን የት ላስቀምጠው?

ሀዩ_ዱባይ፦ እንደታሸገ ፍሪጅ፣ ሽንኩርትና በርበሬ ካለበት ግን በሚገጠም ቆርቆሮ አርጊው፣ ሽታ ይስባል። የከፈትሽውን ፓኬት ቶሎ ጨርሺ። ማታ ላይ ደሞ ተይው፣ ካፌይኑ እንቅልፍ ይነሳሻል።