የትራክተሬ ሞተር ዘይት ሳልጨምርበት ከፍ እያለ ነው፤ ምን ይሆን?

ጥያቄ

ሰላም ወገኖች። ባለ 3 ሲሊንደር የናፍጣ ትራክተር አለኝ። ዘይት ከቀየርኩ 40 የሥራ ሰዓት ገደማ ሆኖታል። ያኔ የሞላሁት ልክ እላይኛው ምልክት ድረስ ነበር። ዛሬ ጠዋት መለኪያውን መዝዤ ሳየው ከምልክቱ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። የምነዳው እኔ ብቻ ነኝ፤ ማንም ጠብታ አልጨመረበትም። የራዲያተሩ ውሃ አልጎደለም። ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ግን ቀጥኗል፤ ከመለኪያው ላይ እንደ ውሃ ይወርዳል። ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት ግፊቱም ከድሮው ዝቅ ይላል። ሥራ ደርሶብኛል። ትርፉን ቀንሼ ልቀጥል?

መልስ፦ ከአንድ መካኒክ

ወንድሜ፣ እባክህ አታስነሳው። ዘይቱ የቀጠነው ናፍጣ ገብቶበት ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለ ዘይት ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም። መጀመሪያ የሚበሉት የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚዞርባቸው ቤሪንጎች ናቸው። ሌላም አደጋ አለ። ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲሞላ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር መሳቢያው ሊሳብ ይችላል። ያኔ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ ይሮጣል፤ ናፍጣውን ብትዘጋበትም አይጠፋም። ትርፉን መቀነስ ከፍታውን እንጂ በሽታውን አያስተካክልም።

መልስ፦ ከሌላ አባል

የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) የተበላ ይመስለኛል። እኔ የገጠመኝ እሱ ነበር።

መልስ፦ ትራክተር ላይ ብዙ ዓመት ከሠራ ሰው

ጋስኬት ቢሆን ውሃው ይጎድል ነበር፤ ዘይቱም ይነጣ ነበር። ግን በግምት ቴስታታ አይወርድም፤ ፈትሸን እንለይ። ወደ ዘይቱ ሊገቡ የሚችሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ውሃ፣ ናፍጣ ወይም የሃይድሮሊክ ዘይት።

ትራክተሩን ሜዳ ላይ አቁመህ ሌሊቱን አሳድረው። ጠዋት ሳታስነሳ የታችኛውን የማፍሰሻ ቡሎን በጥቂቱ ብቻ አላላው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ናፍጣ ግን ከዘይቱ ጋር ስለሚዋሃድ እንዲህ አይለይም። ለሱ ከመለኪያው አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣልና ጥቂት ሰዓት ተወው። ጥቁሩ መሃል ቀርቶ ዙሪያውን ፈዛዛ የቅባት ቀለበት ሰፍቶ ከወጣ ናፍጣ ነው። ያልተነካ ዘይት ጠብታም አጠገቡ ጣል፤ ልዩነቱ ያኔ ይታይሃል። አሽትተውም።

የሃይድሮሊክ ፓምፕህ በሞተሩ ጥርስ የሚዞር ከሆነ ደግሞ የሃይድሮሊኩን ዘይት ልክ እይ። እዚያ ከጎደለ የፓምፑ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) አልቋል ማለት ነው።

ጠያቂው

አደረግኩት። ውሃ የለም፤ ቀድሞ የወጣውም ዘይት ነው። ሃይድሮሊኩ አልጎደለም። ወረቀቱ ላይ ግን ቀለበቱ የጣት ስፋት ሆኗል፤ ሽታውም ናፍጣ ናፍጣ ይላል። አንድ ሰው ኢንጀክሽን ፓምፑን (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚገፋውን) አስወርደው ብሎኛል።

መልስ፦ ከመካኒኩ

ቆይ፣ ከርካሹ እንጀምር። ሞተሩ ጎን ላይ የታሰረ፣ በካም ሻፍት የሚሠራ ትንሽ የናፍጣ መሳቢያ ፓምፕ አለህ? የእጅ ማንሻ ያለው። ውስጡ ዲያፍራም የሚባል ጎማ አለ። እሱ ሲቀደድ ናፍጣው በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል።

ፓምፑን ከሞተሩ ፍታው፤ ቱቦዎቹ ግን እንደታሰሩ ይቆዩ። ቀዳዳውን በንጹህ ጨርቅ ሸፍን። ከዚያ የእጅ ማንሻውን 30 ጊዜ ያህል አንቀሳቅስና ወደ ሞተሩ የሚገባውን ክንድ ተመልከት። በዚያ በኩል ናፍጣ ካረጠበ አገኘኸው። ደረቅ ከሆነ ብቻ ወደ ኢንጀክሽን ፓምፑ የዘንግ ሲል እንሄዳለን። ከዚያ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው) ካለ ይታያል። በአንዳንድ ሞተሮች የናፍጣ መመለሻ ቱቦው የቫልቩ ክዳን ሥር ስለሚያልፍ እሱም ይፈተሻል።

መልስ፦ ከሌላ አባል

ቀዝቃዛ ሞተርን ያለ ሥራ ረጅም ሰዓት ማስጮህም ናፍጣ ወደ ዘይት ያወርዳል። ግን ቀስ ብሎ ነው፤ በ40 ሰዓት ሁለት ጣት አይሞላም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ገና 12ኛው ላይ ክንዱ ረጠበ። ፓምፑን ከፈትኩት። ጎማው ሲያዩት ደህና ይመስላል። አጥፌ ወደ ብርሃን ስይዘው ግን ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። አዲስ ዲያፍራም አስገብቻለሁ፤ ዘይቱንና ፊልትሮውንም ቀይሬያለሁ።

መልስ፦ ከመካኒኩ

ጎበዝ። አሮጌውን ፊልትሮ አትጣለው። ቆርጠህ ወረቀቱን ዘርጋና እይ። የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ከበዛ ቤሪንጎቹ ተነክተዋል፤ ሥራ ከመጀመርህ በፊት መታየት አለባቸው። አዲሱንም ዘይት ጊዜው እስኪደርስ አትጠብቅ፤ ውስጥ የቀረ ናፍጣ ስለሚቀላቀለው ቀደም ብለህ ቀይረው።

ጠያቂው

ፊልትሮውን ቆርጬ አየሁት፤ ጥቀርሻ እንጂ ብረት የለውም። መለኪያው ላይ በሚስማር ጭሬ ምልክት አደረግኩ። ዛሬ 10 ሰዓት ከሠራ በኋላ አቁሜ፣ 15 ደቂቃ ጠብቄ ለካሁት። ዘይቱ ጭረቱ ላይ ነው። የሞቀ ሞተር ግፊቱም ወደ ድሮው ተመልሷል።