ጅማ እየኖረ የጨጓራ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚያገናኝ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና) የተሰራለት ሰው አለ?

ሰላም ናችሁ፣ ስለ እህቴ ነው። 38 ዓመቷ ነው፣ ክብደቷ 124 ኪሎ ቁመቷ 1.66፣ ዓይነት 2 ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚንም ኢንሱሊንም እየወሰደች የሶስት ወር የስኳር ምርመራዋ 9.8 ነው የመጣው። እንጀራ ቀንሳ ጠዋት ጠዋት እየተራመደች ጥሩ ቀንሳ ነበር ግን ኢንሱሊኑ ሲጨመርላት ኪሎው ተመለሰ፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ ሰነፍ ሰው አይደለችማ። አዲስ አበባ ያያት ሐኪም ስሊቭ (አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ የሚያወጣ ቀዶ ጥገና) ይሰራላት አለ፣ እሷ ግን ቃሯ ከባድ ነው ማታ ሶስት ትራስ ደራርባ ነው የምትተኛው፣ ስሊቭ ደግሞ ቃር ሊያባብስ ስለሚችል ወደ ባይፓስ አዘንብለናል። እሱ ግን ዕድሜ ልክ ቫይታሚን፣ አይረንና ክትትል ይፈልጋል። ጅማ እየኖራችሁ ባይፓስ የተሰራላችሁ፣ የቢ12 መርፌውንና የደም ምርመራውን እዚሁ ታገኛላችሁ ወይስ በየጊዜው አዲስ አበባ ትመላለሳላችሁ?