የአሜሪካ «ሜትር» ያስቸገረው አለ? ስለ ክፍልፋይ እርዱኝ

አዲስ ገቢ (ዴንቨር)፦

ሰላም ወገኖቼ። በዲቪ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። አሁን የእንጨት ሥራ ላይ ረዳት ሆኛለሁ። አዲስ አበባም ሙያዬ አናጢነት ነበር፤ እዚያ ግን ሁሉም በሳንቲም ነው። 37 ተኩል ካሉህ 37 ተኩል ነው፣ አለቀ። እዚህ «ሜትር» የምለው ነገር ሜትር የለበትም። ኢንች ነው፤ በኢንችና በኢንች መካከል ያሉት መስመሮች ደግሞ የጉንዳን ሰልፍ ናቸው።

ትናንት አለቃዬ አንድ ክፍተት ለካ አለኝ። ትንንሾቹን መስመሮች ቆጥሬ «ስድስት አስራ ስድስተኛ» አልኩት። ሳቀና «ሦስት ስምንተኛ በል» አለኝ። ተሳስቼ መስሎኝ ደግሜ ለካሁ። ያው ስድስት! ማናችን ነን ልክ? ደግሞ ስፋቱ 11 ከ1/4 ኢንች የሆነ ሳንቃ መሐሉን አግኝ ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። ተደብቄ በስልኬ ነው ያሰላሁት።

አናጢው (ሲያትል)፦

ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ስንት ጣውላ አበላሽቻለሁ።

መስመሮቹን በርዝመታቸው እያቸው። በሁለት ኢንች መካከል ረጅሙ ግማሽ ነው። ከሱ አጠር ያሉት ሩብ፣ ቀጥለው ስምንተኛ፣ በጣም አጭሮቹ አስራ ስድስተኛ። 8/16፣ 4/8፣ 2/4፣ 1/2 ሁሉም አንድ መስመር ላይ ያርፋሉ። ስሙ ይለያያል እንጂ ቦታው አንድ ነው። ላይኛውንና ታችኛውን ቁጥር በአንድ ዓይነት ቁጥር እስካካፈልክ ወይም እስካባዛህ ድረስ ልኩ አይነቃነቅም። ስለዚህ ላይኛው ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ከሆነ ሁለቱንም ለሁለት አካፍል፤ ጎዶሎ እስኪሆን ቀጥል። 12/16፣ 6/8፣ 3/4። ያንተው 6/16 ደግሞ 3/8 ላይ ይቆማል።

5/8 ይበልጣል ወይስ 9/16 ካሉህ ወደ ትንሹ መስመር አውርደው። 5/8 ማለት 10/16 ነው፤ በአንድ መስመር ይበልጣል።

መሐሉን ለማግኘት ሁሉንም ወደ ሩብ ቀይረው። በ11 ኢንች ውስጥ 44 ሩብ አለ፣ ያቺ አንዷ ስትጨመር 45/4። ለሁለት ለመክፈል ላይኛውን አትንካ፣ ታችኛውን እጥፍ አድርገው፦ 45/8። የቁራጮቹ ብዛት ያው ነው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ግን በግማሽ አነሰ። 45 ውስጥ 8 አምስት ጊዜ ይገባል፣ 5 ይተርፋል። 5 ከ5/8 ኢንች ላይ እርሳስህን አድርግ።

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ያ 45/4 እኮ ትምህርት ቤት «ሕገወጥ ክፍልፋይ» የምንለው ነው! አራተኛ ክፍል ላለው ልጄ በአማርኛ ሳስረዳው «ፖሊስ ይይዘዋል?» አለኝ። ምንም ወንጀል የለበትም። ላዕሉ ከታህቱ በለጠ ወይም እኩል ሆነ፣ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ለድፎ ዳቦ ዱቄት ስለካ ትልቁ ኩባያ ስለጠፋብኝ በግማሽ ኩባያ አምስት ጊዜ እጨምራለሁ። 5/2 ማለት ነው። ሲጠሩት ግን ሁለት ተኩል።

አናጢው ላይ አንድ እርማት አለኝ። «ጎዶሎ እስኪሆን» ያልከው ለሜትር ብቻ ነው የሚሠራው። ሜትሩ ላይ ሲሶ የለም፤ ሁሉም መስመር ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ እየተባለ የወጣ ነው። ማዕድ ቤት ግን ሲሶ ሞልቷል። 3/9 ላይኛው ጎዶሎ ነው፣ ግን 1/3 ይሆናል። ልጄን እንደዚያ ብነግረው ፈተና ላይ ጉድ ይሆን ነበር።

አናጢው (ሲያትል)፦

እውነት ነው እህቴ፣ ተቀብያለሁ። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከሜትር ውጪ ክፍልፋይ ነክቼ አላውቅም።

አዲስ ገቢ (ዴንቨር)፦

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ 9 ከ1/4 መጣችብኝ። 37/4፣ ከዚያ 37/8፣ 4 ከ5/8። ስልክ ሳላወጣ! አለቃዬ ለክቶ አየና ዝም አለ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። «ሁለት በአራት» የሚሉት እንጨት ስለካው 1 ተኩል በ3 ተኩል ነው። ሁለቱ የት ሄደ?

አናጢው (ሲያትል)፦

እሱማ ሲደርቅና ሲላግ ቀንሶ ነው። ስሙ ብቻ ቀረ።