ለዳክዬ አደን የፎም ጀልባ፦ የቱ ፎም፣ የቱ ሙጫ?

«ሜኔሶታ አዲስ ነኝ፤ የአሉሚኒየም ጀልባ መጫኛ መኪና የለኝም፤ በፎም ሠርቶ ዳክዬ አደን የወጣ አለ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ አለ። ሁለት ሠርቻለሁ። አንዷ ጋራዥ ውስጥ ቀልጣ ቀረች፤ ሁለተኛዋ ሦስተኛ መኸሯን ይዛለች። ስትመዘን 46 ፓውንድ ናት፣ ብቻዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሸምበቆው ውስጥ እገባለሁ።

የጣናን ታንኳ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ታንኳ የሚንሳፈፈው ውኃ ስለማያስገባ አይደለም፣ ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ነው። ፎምም እንደዚያው። ባለ 4 በ8 ፊት (ጫማ)፣ 2 ኢንች ውፍረት ያላት አንዲት ሰሌዳ ሙሉ በሙሉ ብትደፈቅ ከ300 ፓውንድ በላይ ትሸከማለች፤ የራሷ ክብደት ግን 10 ፓውንድ አይሞላም።

ከግንባታ ዕቃ መደብሩ ከሆም ዲፖ የምታገኘውን የኦውንስ ኮርኒንግ ሮዝ ፎም፣ ያን የቤት ግድግዳ ሙቀት የሚጠብቅ ጠንካራ ሰሌዳ ውሰድ። 250 የሚለውን ለወለሉ፣ 150 የሚለውን ለጎኑ፤ ቁጥሩ ስትጫነው የመጨፍለቅ አቅሙን ነው የሚነግርህ። ነጩና ፍሬ ፍሬ የሚለው ርካሽ ነው፣ ግን እንደ ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ ሲቆረጥም ይፈረፈራል። የአሉሚኒየም ፎይል የለበሰውን ቢጫ ፎም አትንካው።

ዋናው ጣጣ ሙጫው ላይ ነው። ታይትቦንድ 3 የሚባለውን የእንጨት ሙጫ ሁሉም ያወድሰዋል፣ እኔም ጀልባዋን ለማለብሳት ጨርቅ አወድሰዋለሁ። በሁለት ሰሌዳ መካከል ግን አትቀባው፦ ፎሙ እርጥበት ስለማያሳልፍ መሃል ያለው ሙጫ ሳምንታት ቆይቶም እርጥብ ነው። እዚያ ላይ ጎሪላ ግሉ ይሻላል፣ ያ ቡናማውና የሚነፋው። ፎሙን ውኃ እፍ አድርግበት፣ ሙጫውን ስስ አድርገህ ቀባ፣ ከዚያ የቀለም ባልዲም ይሁን ጡብ ጫንበት። ካልጫንክበት ሲነፋ ሰሌዳውን ያነሳዋል። አንድ ጉድለት አለው፦ ሲደርቅ ከፎሙ ይበልጥ ስለሚጠነክር በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍገው ፎሙ ይበላና የሙጫው መስመር ጉብ ብሎ ይቀራል። ሎክታይት ፒኤል 300 ለፎም ተብሎ የተሠራ ነው፣ ይይዛል፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

የመጀመሪያዋን ያቀለጥኳት ፋይበርግላስ፣ ማለትም ሬዚን በሚባል ደርቆ በሚጠነክር ፈሳሽ የሚለጠፍ የመስታወት ጨርቅ፣ ላለብሳት ብዬ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ «ሬዚን ሬዚን ነው» ብሎ የሸጠልኝ ሰው ነበር። ፖሊስተር ሬዚን ፎሙን እሳት እንደነካው ቅቤ አቀለጠው፤ የሦስት ቅዳሜ ልፋቴ በሃያ ደቂቃ ጉድጓድ ሆነ። ፋይበርግላስ ካማረህ ኤፖክሲ የሚባለውን ሬዚን ብቻ። ስፕሬይ ቀለምና ቤንዚንም ያው ናቸው፣ አታቅርብ።

እኔ አሁን የማለብሳት የቀለም ቀቢዎችን የጥጥ ሸራ ነው። አቡጀዲ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ግን ቶሎ ይቀደዳል። ሸራውን መጀመሪያ እጠበው፣ አለዚያ በኋላ ይሸበሸብብሃል። ታይትቦንዱን በትንሽ ውኃ አቅጥነህ ሸራውን ፎሙ ላይ ለጥፍ፣ ሲደርቅ የቤት የውጭ ግድግዳ ቀለም ሦስት እጅ ቀባው። የማያብለጨልጭ ቡናማ ይሁን፤ ዳክዬ ከላይ ሆና ብልጭታ ከሩቅ ታያለች። ስንጥቅ ካለ በየመኸሩ አንድ እጅ ጨምርለት።

ወለሉ ላይ ስስ ፕላይዉድ አንጥፍ። የቦት ተረከዝ ፎምን እንዴት እንደሚወጋ ስታየው ትገረማለህ።

ልኳን 8 ፊት አድርጋት። ሜኔሶታ ውስጥ ሞተር የሌላት ከ10 ፊት ያልበለጠች ጀልባ ምዝገባ አትጠየቅም። ላይፍ ጃኬት ግን ግዴታ ነው፤ በጥቅምት ውኃ ውስጥ ልብስህን እንደለበስክ ብትወድቅ ዋና ማወቅህ ብዙም አያዋጣህም። ከ1979 እ.ኤ.አ. በኋላ ከተወለድክ የጦር መሣሪያ ደህንነት ኮርስ መውሰድ አለብህ፣ ለአደኑ የምትገዛው የ25 ዶላሩ የፌዴራል የዳክዬ ቴምብርም አለ። የእርሳስ ጥይት ለውኃ ወፍ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ አሜሪካ ክልክል ነው፣ ብረት ግዛ።

ለመቅዘፊያ ርካሹ የካያክ መቅዘፊያ ይበቃል።

እናቴ በስልክ «ደግሞ ዳክዬ ይበላል እንዴ?» ብላ አማትባለች፤ ስለዚህ የእኔ ድርሻ ለጎረቤቴ ነው የሚሄደው። አንተም እንደኔ ለሰው የምትሰጥ ከሆነ ፊርማህን፣ አድራሻህን፣ የወፎቹን ዓይነትና ብዛት፣ የተገደሉበትን ቀን ጽፈህ አያይዝበት፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል።